ካርቦሃይድሬትን ቀንሶ በቂ ፋይበር ማግኘት

ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ የወሰነ ሰው ዳቦን፣ ጥራጥሬንና አብዛኛውን ፍራፍሬ ከማዕዱ ሲያነሣ፣ አንጀቱ የሚፈልገውን ፋይበርም፣ ማለትም ሰውነት የማይፈጨውን የዕፅዋት ክፍል፣ ሳያስበው አብሮ ያነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር እንዲመገቡ ይመክራል፤ ሥጋና እንቁላል ግን የቱንም ያህል ቢበሉ ፋይበር የላቸውም።

ፋይበር ራሱ ከካርቦሃይድሬት ወገን ቢሆንም ትንሹ አንጀት ስለማይፈጨው እንደ ስኳርና እንደ ስታርች የደም ስኳርን ከፍ አያደርግም። በመሆኑም ምግብ ሲመረጥ መታየት ያለበት የካርቦሃይድሬቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከዚያ ውስጥ ፋይበር የሆነው ምን ያህል እንደሆነ ነው። 100 ግራም አቮካዶ 8.5 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖረው ወደ 7 ግራም የሚጠጋው ፋይበር ነው፤ የተልባ ካርቦሃይድሬት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፋይበር ነው። በአንድ ቀን 100 ግራም አቮካዶ፣ 28 ግራም የቺያ ፍሬ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ 200 ግራም ብሮኮሊና አንድ እፍኝ አልሞንድ የበላ ሰው 30 ግራም ገደማ ፋይበር ያገኛል፤ ፋይበሩ ሲቀነስ የሚተርፈው ካርቦሃይድሬት 15 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ቆስጣና ፎሶሊያም በየተራ ሊገቡ ይችላሉ። ተልባ ሳይፈጭ ከተበላ ብዙው እንዳለ ስለሚወጣ መፍጨቱ ይመረጣል፤ የተፈጨው ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በጥቂት በጥቂቱ አዘጋጅቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል።

የታሸገ ምግብ ሲገዛ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአሜሪካ መለያ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ፋይበርን ይጨምራል፤ በአውሮፓ ግን ፋይበር ለብቻው ስለሚጻፍ ከካርቦሃይድሬቱ ላይ እንደገና መቀነስ ስሕተት ነው።

አብዛኛው ሰው የሚቸገረው በአጨማመሩ ይመስለኛል። ትንሽ ፋይበር የለመደ አንጀት በአንድ ቀን 30 ግራም ሲቀርብለት በጋዝና በመነፋት ይጨነቃል፤ ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ 3 ወይም 4 ግራም እየጨመሩ መሄድ ይሻላል። ውኃም ሊዘነጋ አይገባም። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችት ስለሚቀንስ አብሮት የነበረው ውኃ በሽንት ይወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የሆድ ድርቀትም አንዳንድ ጊዜ ከፋይበር ማነስ ይልቅ ከዚህ የውኃ እጥረት ይመጣል። ውኃ ሳይጠጡ ፋይበርን ብቻ መጨመር ድርቀቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ምግቡ ብቻውን ካልበቃ የሲሊየም ገለባ፣ ማለትም ሲሊየም ከተባለ ተክል ዘር ሽፋን የሚዘጋጅ ፋይበር፣ ይረዳል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ሳይረጋ ወዲያው መጠጣት፣ ሌሎች መድኃኒቶችን ደግሞ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ልዩነት መውሰድ ተገቢ ነው። የአንጀት መጥበብ ወይም የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረው፤ ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም ካርቦሃይድሬቱን ከመቀነሱ በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል አለበት።