ሳጥኑ አልገጥም ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

የብርድ ልብስ ወይም የልጆች መጫወቻ ማስቀመጫ ሳጥን ቀላል ሥራ ነው። አራት ጎን፣ አንድ ወለል፣ አንድ ክዳን። መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እና ኮላ ያለው ሰው ቅዳሜና እሁድን ተጠቅሞ ይጨርሰዋል። ጣጣው የሚመጣው ከወር ከሁለት ወር በኋላ ነው። ክዳኑ ይጣመማል፣ ማዕዘኑ ይላቀቃል፣ ማጠፊያው ይነቀላል። ያኔ ብዙ ሰው «ድሮም አናጢ አይደለሁ» ብሎ እጁን ይወቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ ጣውላውን ጠርጥሩ ባይ ነኝ።

ክዳኑ ተጣሟል፣ ወይም መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል

የችግሮቹ ሁሉ አውራ ይሄ ነው። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ጣውላው ሳይደርቅ ተሠርቷል። እንጨት ውሃው ሲወጣለት ይኮማተራል። የሚኮማተረው ግን በወርዱ ነው፤ በቁመቱ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። ወርዱን ጠፍንጋችሁ ከመታችሁት መጥበብ ይፈልጋል፣ ምስማሩ ግን አይለቀውም። መጨረሻው መሰንጠቅ ነው። አንዱ ፊቱ ከሌላው ቀድሞ ከደረቀ ደግሞ ይጎብጣል።

ባህር ዛፍ ላይ ይብሳል። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የትም ይገኛል። ሲደርቅ ግን ብዙ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛልም። ጽድና ዋንዛ ረጋ ያሉ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም በ1986ቱ የደን አዋጅ ከኮሶና ከዝግባ ጋር፣ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር። አዲስ ጣውላቸው እንደልብ አይገኝም። ለዚህም ነው እኔ አሮጌ እንጨት የምመርጠው። ቤት ሲፈርስ የሚወጣ ጣውላ፣ የተጣለ የአልጋ ርብራብ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ (ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት) ተፈልጎ የሚገኝ የቁም ሳጥን ጎን፣ ሁሉም ዓመታት የደረቁ ናቸው። ምስማራቸውን በፒንሳ ለቅሞ መጨረስ ብቻ ነው ሥራው። አንድ የቀረ ምስማር መጋዝ ያበላሻል፣ ልብ በሉ።

አዲስ ጣውላ ከገዛችሁ አትቸኩሉ። ጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየጣላችሁ ደርድሩት። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ፈጣን ይመስላል፤ ጫፎቹ ቀድመው ስለሚደርቁ ግን ይሰነጠቃሉ። ጫፎቹን የተረፈ ቀለም ብትቀቧቸው ይህን ይቀንሳል። ደርቋል አልደረቀም የሚለውን ለማወቅ ከሰፈሩ አትክልት ቤት ሚዛን ለምናችሁ አንዱን ጣውላ መዝኑ፤ ክብደቱን በእርሳስ እላዩ ላይ ጻፉ። በየሳምንቱ ድገሙት። መቅለሉን ሲያቆም ለሥራ ደርሷል።

ክዳኑ አንዴ ከጎበጠስ? ጎድጓዳውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ እርጥብ ሣር ላይ አስተኙት፤ የጎበጠውን ጀርባ ፀሐይ ይምታው። ከታች እርጥበት ይጠጣል፣ ከላይ ይደርቃል፤ ቀስ እያለ ይመለሳል። እየሄዳችሁ እዩት፤ ከረሳችሁት ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል። ቀና ሲል ከሥሩ በወርዱ የሚያልፉ ሁለት ቀጫጭን ሞራሌዎች (አራት ማዕዘን ተደርገው የተቆረጡ ረዣዥም እንጨቶች) ግጠሙለት። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ሞራሌውን በኮላ ያጣብቀዋል። ኮላ አትንኩ፤ በብሎን ብቻ እሰሩት። ሞራሌው ላይ የመሃሉን ቀዳዳ ልክ በልክ ብሱ። የዳር የዳሩን ግን በሞራሌው ቁመት አቅጣጫ ትንሽ ረዘም አድርጉት፣ ብሎኑ ወዲያ ወዲህ እንዲንሸራተት። ክዳኑ ሲሰፋም ሲጠብም መላወሻ አገኘ ማለት ነው።

የተሰነጠቀውን በኮላና በሰጋቱራ መድፈን ጊዜያዊ ነው። በጋ ላይ የደፈናችሁት ስንጥቅ ክረምት ሲመጣ መግጠሚያ ቦታ ያጣና አጠገቡን ይሰነጥቃል። የሚሻለው ስንጥቁን ተከትሎ ለሁለት መክፈል፣ ሁለቱን ጠርዝ በመላጊያ አስተካክሎ እንደገና በኮላ ማጋጠም ነው።

ሐምሌ ላይ አልዘጋም ያለው ክዳን

ያው በሽታ ነው፣ በሌላ መልኩ። እንጨቱ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ሰፍቷል። ተናዳችሁ በመላጊያ አትላጉት፤ ጥር ላይ ክፍተቱ ጣት ያስገባል። ለጊዜው የሚነካካውን ጠርዝ በሻማ እሹት። ስትሠሩ ደግሞ ዙሪያውን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ተዉለት። ቫርኒሽ ስትቀቡ የክዳኑን የውስጥ ፊትም ቀቡ። የሚታየው ብቻ ከተቀባ ያልተቀባው ወገን ብቻውን እርጥበት ይስብና ይጣመማል።

ምስማሩ ጫፉን ሰነጠቀው

የምስማሩን ጫፍ እዩት። ስል ነው፤ የእንጨቱን ቃጫ እየገፋ ይፈለቅቃል። መፍትሄው ያስቃል፤ ምስማሩን ዘቅዝቃችሁ ድንጋይ ላይ አቁሙና ሹል ጫፉን በመዶሻ ዱልዱም አድርጉት። አሁን ቃጫውን አይፈለቅቅም፣ እየበጠሰ ይገባል። ለጠንካራ ባህር ዛፍ ግን ይሄ ብቻ አይበቃም። ከምስማሩ በቀጠነ ድሪል ቀድማችሁ ብሱት። ምስማሮቹን በአንድ መስመር አትደርድሩ፤ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ አድርጉ። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ምስማር ይበቃል።

ከተሰነጠቀ በኋላ ምስማሩን ንቀሉ፣ ስንጥቁን በቢላ ትንሽ ፈልቀቅ አድርጋችሁ ኮላ አስገቡበት። ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ከሌላችሁ ገመድ አዙሩበት፣ ገመዱ ውስጥ ዱላ አስገብታችሁ እስኪከር አጠንክሩት። እስከ ነገ አትንኩት።

ማዕዘኑ ይላቀቃል

ምስማሩ የገባው በጣውላው ጫፍ፣ ቃጫው በተቆረጠበት በኩል ነው። እዚያ ላይ ምስማር ብዙም አይዝም፤ ኮላም ተመጦ ያልቃል። ስለዚህ ጫፉን መጀመሪያ ስስ ኮላ አጠጡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት፣ ከዚያ አጋጥሙ። ምስማሮቹን አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አዘንብላችሁ ምቱ። ሳጥኑ ተሠርቶ ካለቀ ደግሞ በየማዕዘኑ ከውስጥ ቁራጭ ሞራሌ አቁማችሁ በሁለቱም ጎን በብሎን እሰሩ። ቦታ ትንሽ ይሻማል፤ ጥንካሬው ግን ሌላ ነው።

ክዳኑ በአንድ በኩል ያልፋል፣ በሌላው ይጎድላል

የሳጥኑ ማዕዘኖች ልክ 90 ዲግሪ አይደሉም። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። 80 በ60 ለሆነ ሳጥን ሰያፉ ልክ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ካልሆነ ረዥሙን ሰያፍ ከሁለቱም ጫፍ ጫን በሉት፤ ይመለሳል። ኮላው ከደረቀ ግን ክዳኑን ለሳጥኑ ማስተካከል ይቀላል። ሌላው የተለመደ ስህተት ውፍረትን መርሳት ነው። ወርዱ 60 እንዲሆን ፈልጋችሁ ረዣዥሞቹ ጣውላዎች 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካላቸው፣ በመሃላቸው የሚገቡት የጫፍ ጣውላዎች የሚቆረጡት 56 ሆነው ነው።

ሳጥኑ ከተንገዳገደ አዙሩትና ሌላ ቦታ አስቀምጡት። መንገዳገዱ ከቀረ ጥፋተኛው የቤታችሁ ወለል ነው።

ማጠፊያው ተነቀለ

ቀዳዳው ሰፍቷል። የክብሪት እንጨቶች ኮላ ነክራችሁ ጠቅጥቁበት፣ ሲደርቅ የተረፈውን ቁረጡና ብሎኑን መልሱት። ብሎኑን ሳሙና ላይ ፈተግ ብታደርጉት ሳይታገል ይገባል። ክዳኑ ሊዘጋ ሲል ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ማጠፊያው በጣም ጠልቆ ገብቷል፤ ከሥሩ ካርቶን አስገቡለት።

ሳጥኑ የቺፑድ (ከተፈጨ እንጨትና ከኮላ የተጠፈጠፈ ጣውላ) ከሆነ ይህ ሁሉ ብዙም አያዋጣም። ጠርዙ ብሎን አይዝም፣ ውሃ ከነካው ደግሞ እንደ ዳቦ ያብጣል። ያበጠ ቺፑድ ደርቆም ወደ ቦታው አይመለስም። ከመነሻው ሞራሌ ክፈፍ ብትሠሩለትና ከመሬት ከፍ ብታደርጉት ዕድሜ ያገኛል።

ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ይራገፋል

ነቀዝ ገብቷል። የተበሳውን ጣውላ ለይታችሁ ለውጡት፤ ሌላውን በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ጠንካራ ፀሐይ ላይ አቆዩት። የጭቃ መስመር ግድግዳውን ይዞ ከወጣ ግን ምስጥ ነው፤ እሱ የሚመጣው ከመሬት ስለሆነ ሳጥኑን ከግድግዳ አርቃችሁ እግር ግጠሙለት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ አለ። ለአጥር ቋሚ ይሁን፤ ልብስ ወይም እህል ለሚገባበት ሳጥን ግን አይሆንም።

ልጅ ያለበት ቤት

መጫወቻ የሚገባበት ሳጥን ልጅም ይገባበታል። ቁልፍም መቀርቀሪያም አታድርጉለት። ክዳኑ ጣት ላይ እንዳይወድቅ ከውስጥ በሰንሰለት ያዙት፣ ሲከፈትም ባለበት የሚቆም ይሁን። ከኋላና ከጎን ደግሞ በብርድ ልብስ የማይደፈኑ ጥቂት የአየር ቀዳዳዎች ብሱለት።