ውድ ሰስፔንሽን ያለው መኪና ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአየር ሰስፔንሽን ያለው ትልቅ መኪና በገዛ በሁለተኛው ሳምንት ደወለልኝ። «ይሄ ነገር ከድሮው መኪናዬ የባሰ ያንገጫግጫል፤ ተሸወድኩ መሰለኝ» አለ። አልተሸወደም። ሰስፔንሽኑ፣ ማለትም የመንገዱን ምት የሚያለዝቡት ሞላውና አጋዦቹ፣ ምንም አልጎደለበትም፤ የሚጠበቅበትን ይሠራ ነበር። ሰውዬው የጠበቀው ግን ማንም ያልገባለትን ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱን ስህተት እኔም ራሴ ሠርቼዋለሁ።

«አዳፕቲቭ» የተባለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ካታሎግ ላይ «አዳፕቲቭ ሰስፔንሽን» (እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ) የሚል ሲነበብ መኪናው መንገዱን እየደለደለ የሚሄድ ይመስላል። በዚህ ስም ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ፤ ሥራቸውም ዋጋቸውም አይገናኝም።

አንደኛው ጥንካሬው የሚለዋወጥ ሾክ አብዞርበር፣ ማለትም የሞላውን መንጠር የሚገታው ዕቃ ነው። ሞላው ያው የምናውቀው የብረት ሞላ ሆኖ፣ ሾክ አብዞርበሩ ብቻ እንደ መንገዱ ይጠነክራል ወይም ይላላል። ከዚህ ዓይነቱ እኔን የሚገርመኝ ካዲላክ በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሴቪል ሞዴሉ ላይ ያወጣው ማግኔራይድ ነው። ዘይቱ ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ ብረት አለ። ኤሌክትሪክ ሲላክበት ብረቱ በሰልፍ ይቆምና ዘይቱ ይወፍራል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መልሶ ይቀጥናል። ፌራሪ እንኳ በ2006 ባወጣው 599 ላይ ገጥሞታል። ቢሆንም ሾክ አብዞርበር የቱንም ያህል ቢራቀቅ እንቅስቃሴን ይገታል እንጂ ጉልበት አይፈጥርም። ጭነት ሲበዛ ኋላው የወረደን መኪና አያነሳም።

ሁለተኛው የአየር ሰስፔንሽን ነው። በብረት ሞላው ፈንታ በላስቲክ ከረጢት የታመቀ አየር ይገባል። ምቾቱ የሚመጣው «አየር ስለሆነ» ይመስለን ይሆናል፤ ነገሩ ሌላ ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ቢሳፈር ኮምፕሬሰሩ (አየር የሚያምቀው ፓምፕ) አየር ጨምሮ መኪናውን ወደ ቁመቱ ይመልሰዋል። መኪናው በጭነት ይተኛል የሚል ስጋት ስለሌለበት መሐንዲሱ ሞላውን እንደ ልቡ ማለስለስ ይችላል።

ሦስተኛው በራሱ ጉልበት መንኮራኩሩን የሚገፋና የሚስብ ነው። መርሴዲስ በ1999 በሲኤል ኩፔ ላይ ያመጣው ኤቢሲ የተባለ ሰስፔንሽን 200 ባር አካባቢ በሚደርስ የዘይት ግፊት መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል ይደግፈዋል። በኦዲ ኤ8 ላይ በምርጫ የሚገጠመው ደግሞ በየመንኮራኩሩ ኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ ከጎን ሊገጩት መሆኑን ሲያውቅ የሚገጨውን ጎን እስከ 8 ሴንቲሜትር ብድግ ያደርገዋል፤ ምቱ በሩ ላይ ከሚያርፍ ይልቅ ጠንካራው የታችኛው አካል እንዲቀበለው ነው።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ገዝቶ ሦስተኛውን ይጠብቃል። ሻጩን በስም አይጠይቁት፤ ስሙን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገው ያወጣዋል። «ሞላው ብረት ነው አየር? መኪናው እንዳያጋድል የሚያደርግ ፓምፕ ወይም ሞተር አለው?» ብለው ይጠይቁ።

ቸርኬውን በዓይን መምረጥ

የባልደረባዬ ነገር እዚህ ላይ ነው። መኪናውን ሲያዝ ከሁሉ ትልቁን ቸርኬ መረጠ፤ ፎቶ ላይ ያምራላ!

የጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር እስቲ እናንብበው። 245/45 R18 ማለት ስፋቱ 245 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። 245 በ0.45 ሲባዛ 110 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። አስፋልቱንና ቸርኬውን የሚለያያቸው ላስቲክና አየር ይህን ያህል ነው። አሁን 255/35 R20 እንውሰድ፤ 89 ሚሊሜትር። የጎማው አጠቃላይ ቁመት ብዙም ሳይለወጥ ሁለት ሴንቲሜትር ትራስ ወጥቶ በሁለት ሴንቲሜትር ብረት ተተካ።

ሁለት ሴንቲሜትር ምን ያመጣል ይባል ይሆናል። ሰስፔንሽን ሰፋ ያሉ ጉብታዎችን፣ የመንገድ መታጠፍንና ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ማጎንበስ በደንብ ይቆጣጠራል። የአስፋልት ስንጥቅ፣ የድልድይ መገጣጠሚያና የተሰበረ ጠርዝ ግን ቅጽበት በማትሞላ ጊዜ የሚያልቁ ምቶች ናቸው፤ እነሱን በቅድሚያ የሚቀበላቸው ጎማው ነው። ጎማው ያልዋጠውን ምት ኮምፒውተሩ ምንም ቢፈጥን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። በዚያ ላይ ትልቅ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ነው። ክብደቱ ከሞላው በታች ስላለ መንኮራኩሩ አንዴ ከነጠረ ሾክ አብዞርበሩ የሚያረጋጋው በትግል ነው።

ባልደረባዬ ኋላ ላይ በሁለት ኢንች ዝቅ ወዳለ ቸርኬ ቀየረ። ሰስፔንሽኑን ማንም አልነካውም። ከዚያ ወዲህ ስለመንገጫገጭ ደውሎልኝ አያውቅም።

በነገራችን ላይ ተበስተውም የሚነዱ ጎኑ ደንዳና ጎማዎች ተመሳሳይ ጣጣ አላቸው። ነፋሱንም የሾፌሩ በር ጎን ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይሙሉ፤ ያንን ሳይነካኩ ሰስፔንሽኑን መውቀስ ግፍ ነው።

«ኮምፎርት» የሚለውን ቁልፍ ማመን

ሰስፔንሽኑን በጣም የሚያላላው ሞድ፣ ብዙ ጊዜ «ኮምፎርት» የሚባለው፣ ሁልጊዜ በጣም ምቹው አይደለም። አንዳንድ መኪና በኮምፎርት ሲሄድ ከጉብታ በኋላ እንደ ጀልባ አንድ ሁለት ጊዜ ይዋዥቃል። የሰውን ሆድ የሚያውከው ፈጣኑ ንዝረት ሳይሆን ይሄ ቀርፋፋው መዋዠቅ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ስልክ የሚያነብ ልጅ ቶሎ ይነግርዎታል። እኔ በረጅም ጉዞ መካከለኛውን ወይም «አውቶ» የሚለውን እተወዋለሁ። ስፖርት ሞድ ደግሞ መሪውንና መኪናውን ቆፍጠን ያደርገዋል እንጂ እርጥብ መንገድ ላይ ላረጀ ጎማ ጥርስ አያበቅልለትም።

ካሜራው ጉድጓዱን ያይልኛል ብሎ መዘናጋት

በ2013 በኤስ ክላስ ላይ የወጣው የመርሴዲስ ማጂክ ቦዲ ኮንትሮል ከመስታወቱ ጀርባ ባለ ጥንድ ካሜራ እስከ 15 ሜትር ወደፊት መንገዱን እያየ ሰስፔንሽኑን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ሥራው ድንቅ ነው፤ በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የተሳፈረ ሰው ያለፈ እስከማይመስለው ድረስ።

ግን እናስላው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። 15 ሜትር ማለት እንግዲህ የግማሽ ሰከንድ ማስጠንቀቂያ ነው። ካሜራ ደግሞ ዓይን ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ በጨለማ አይሠራም ነበር። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ለእርስዎ ዓይን እንኳ ጠፍጣፋ ኩሬ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ የተሠራው ለጉብታና ለወጣ ገባ ነው፤ ቸርኬ የሚሰብረውን ስለታም ጉድጓድ መሸሽ አሁንም የሾፌሩ ሥራ ነው።

በማሳያ ቪዲዮ መማረክ

የቦዝ ኩባንያ በ2004 ያሳየውን ብዙ ሰው አይቶታል፤ አንድ ሌክሰስ እንቅፋት ላይ ሲደርስ ዘሎ ያልፈዋል። በየመንኮራኩሩ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበረው፤ ምርምሩ የተጀመረው በ1980 ነው። ከባድና ውድ ስለነበር ለሽያጭ በቀረበ መኪና ላይ ሳይገጠም ቀረ፤ ቦዝም ቴክኖሎጂውን በ2017 ክሊርሞሽን ለተባለ ኩባንያ ሸጠው። ቪዲዮው ሐሰት አልነበረም፤ የሚሸጥ ዕቃ ግን አልነበረም።

የተገላቢጦሹም ይገርማል። ሲትሮኤን ዲኤስ በ1955 ያለ አንዳች ኮምፒውተር፣ በዘይትና በናይትሮጅን ጋዝ ብቻ፣ ዛሬም የሚወደስ ልስላሴ ነበረው። ጎማው ጎኑ ወፍራም፣ መቀመጫውም እንደ ሶፋ የሚያሰምጥ መሆኑ አይረሳ። አዲስ ሁሉ ከአሮጌ ይለሰልሳል ማለት አይቻልም፤ የዛሬው መኪና በፍጥነት ሲታጠፍም እንዲረጋ ስለሚፈለግ ከልስላሴው ላይ ይቀነስበታል።

ልሙጥ መንገድ ላይ ሞክሮ መፈረም

የመኪና መሸጫ አካባቢ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ሻጩም የሚወስድዎት በዚያው ነው። በየቀኑ የሚሄዱበትን ዓይነት ኮረኮንች ፈልገው፣ ሬዲዮ ዘግተው ይንዱ። ከዚያ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥተው ከኋላ ይቀመጡ። በርካታ መኪና ከፊት ሐር፣ ከኋላ ድንጋይ ነው። የሚገዙትም በዚያው ቸርኬ መሆኑን ያረጋግጡ።

ያገለገለውን እንደ አዲስ ማሰብ

ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። የስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው የአየር ሰስፔንሽን መኪና በጥሩ ዋጋ አገኘሁና ገዛሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠዋት ስወጣ የፊት ግራው ጎን ዝቅ ብሎ፣ መኪናው አንድ ትከሻው እንደወለቀ ሰው ቆሟል። ሞተሩን ሳስነሳ ኮምፕሬሰሩ ጉርር ብሎ አነሳው። «ይኸው ተነሳ» ብዬ ሄድኩ። ሁለት ወር እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን ጉርርታው ቀረ፤ መኪናውም አልተነሳም።

መካኒኩ የሳሙና አረፋ የላስቲክ ከረጢቱ ላይ ሲቀባ እጥፋቱ ላይ ካለች የፀጉር ያህል ስንጥቅ አረፋው ቡፍ ቡፍ ማለት ጀመረ። ላስቲኩ በዕድሜ ደርቆ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ለአጭር ጊዜ እንዲሠራ የተሠራ ዕቃ ነው፤ የሚያፈስ ከረጢት ቀኑን ሙሉ ሲሞላ ተቃጠለ። በጊዜው ቢሆን አንድ ከረጢት ይበቃኝ የነበረውን ከረጢቱንም ኮምፕሬሰሩንም ገዛሁ።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት መኪናው ካደረበት ሳይነሳ ይዩት። አራቱንም ጎን ከመንኮራኩሩ መሐል ከበላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ በሜትር ይለኩ፤ ግራና ቀኙ መቀራረብ አለበት። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ ከጠበቀዎት በማግሥቱ በጠዋት ይመለሱ።

ክሪክ ሲገባም ጥንቃቄ አለ። ጎማ ለመቀየር መኪናው ከፍ ሲል ኮምፒውተሩ ቁመቱ ተዛብቷል ብሎ አየር ሊያስወጣ ወይም ሊሞላ ይችላል። መመሪያው ላይ የክሪክ ሞድ ካለ መጀመሪያ እሱን ያብሩ።

የጥገናው ዋጋ ያስመረራቸው አንዳንዶች አየሩን አስወጥተው የብረት ሞላ ያስገጥማሉ። ይሠራል፤ ግን ሾክ አብዞርበሩም ኮምፒውተሩም የተሠሩት ለአየር ነው። በአንዱ እንዲህ በተለወጠ መኪና ተሳፍሬ ነበር። ከእያንዳንዱ ጉብታ በኋላ ሁለት ጊዜ ይነጥራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሰስፔንሽኑ ምልክት መብራት የነበረበትን ቦታ ባለቤቱ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል።