ልጃችሁ ባህር ኃይል የገባ እናቶች፣ ቡናውን ለብቻችሁ አትጠጡ

አቦ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ አልለፍ። ልጄ ባህር ኃይል ከገባ ወዲህ ስልኩ ዝግ በሆነ ቁጥር እንቅልፍ አጥቼ ነበር የማድረው። ባህር ኃይሉ እንደገና የተቋቋመው በ2011 ዓ.ም. ነው፣ ስለዚህ እዚህ ድሬ "እኔም አልፌበታለሁ" የምትል እናት እንደ ልብ አትገኝም። አንዷን ሳቢያን፣ ሌላዋን ገንደ ቆሬ አገኘሁና አሁን በየ15 ቀኑ እሁድ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ቡና እንጠጣለን።

ዋናው ዘዴ ይኼ ነው፦ የአንዷ ልጅ ሲደውል የራሷን ወሬ ብቻ አውርታ አትዘጋም፣ "የእነ እንትናን ልጅ አይተኸዋል? ደህና ነው?" ትልና ወዲያው ለእናትየዋ ትደውላለች። የኔው 20 ቀን ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ፣ "ደህና ነው፣ ትናንት አብረን በላን" የሚል ወሬ በዚህ መንገድ ሲደርሰኝ ነው እህል በአፌ የዞረው።

ፌስቡክ ላይ ያያችሁትን ወሬ ግን ለእናት አታስተላልፉ። ልጆቹ የት እንዳሉ፣ መቼ እንደሚንቀሳቀሱም አትለጥፉ።

ደግሞ ስትታመሙ ተናገሩ። ባለፈው ከመሃላችን አንዷ "ልጄ እንዳይሰማ" ብላ ለማንም ሳትነግር ተኝታ አገኘናት። ተራ ገብተን ሾርባ አመላለስንላት፣ ለልጁም ካገገመች በኋላ ቀስ ብለን ነገርነው።