በፍላሽ ካርድ ክፍል ውስጥ እንዴት ማስጠናት እንደሚቻል

ፍላሽ ካርድ፣ ማለትም በአንድ ገጹ ጥያቄ በጀርባው መልሱ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ፣ በብዙ ትምህርት ቤት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን መምህሩ ካርዱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፣ በዚያው ያልፋል። እንዲህ ሲሆን መልሱን የሚያወጡት ፈጣኖቹ ሦስት አራት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ሌላው እነሱን ተከትሎ ይላል። ካርድ የሚጠቅመው ልጁ መልሱን ሳያይ ከራሱ ለማውጣት ሲታገል ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ለእያንዳንዱ ልጅ ያቺን የመታገያ ጊዜ መስጠት ነው። አዲስ አበባ ዳር የካ አባዶም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ተማሪ በበዛበትና ዕቃ ባነሰበት ክፍል ይህን ማድረግ ይቻላል።

በመጀመሪያ ካርዱን ያዘጋጁ። ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ እያጠፉ ለሁለት ሲከፍሉት ስምንት እኩል ካርድ ይወጣዋል። የፎቶኮፒ ወረቀት ግን ስስ ስለሆነ በማርከር የተጻፈው መልስ በጀርባው ይታያል፤ ልጆች ይህን ቶሎ ነው የሚደርሱበት። ወፍራሙ ማኒላ ወረቀት ካልተገኘ ከሰፈር ሱቅ ባዶ የብስኩት ካርቶን ይጠይቁ፤ የታተመበትን ገጽ ነጭ ወረቀት ይለጥፉበት። የእያንዳንዱን ካርድ የላይኛ ቀኝ ጥግ በመቀስ ትንሽ ቆረጥ ያድርጉት፤ ካርዶቹ ሲደባለቁ የተገለበጠው ወዲያው ይለያል።

ቀጥሎ ጥያቄውን ይጻፉ፤ በአንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ብቻ። «ስለ አድዋ ጦርነት ግለጽ» የሚል ካርድ አያሠራም። ከፋፍሉት፦ ድሉ መቼ ተገኘ? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ንጉሠ ነገሥቱ ማን ነበሩ? ዳግማዊ ምኒልክ። ጠብ ያስነሳው የውጫሌ ውል አንቀጽ ስንተኛው ነው? 17ኛው። ካርዱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢጽፉት ይመረጣል፣ መጻፉም ማጥናት ነውና። ብቻ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እያንዳንዱን ካርድ ይመልከቱ፤ የተሳሳተ መልስ ተደጋግሞ ከተጠና በኋላ ለማስለቀቅ ያስቸግራል። ለአንደኛ ክፍል ደግሞ ነ እና ኘን፣ ተ እና ቸን የመሳሰሉ የሚያምታቱ ፊደላትን አንድ ላይ ያደባልቁ።

ዋናው ነገር አጠያየቁ ነው። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጆች ከተቀመጡ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ፣ ሦስተኛው ካርዶቹን ይለይ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ጠያቂው በልቡ እስከ አምስት ሳይቆጥር ካርዱን እንዳይገለብጥ አጥብቀው ይንገሩት። 7 × 8 የተጠየቀች ልጅ ጣሪያውን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ 7 × 7 49 ነው ብላ ሰባት ልትጨምርበት ነው። ጓደኛዋ ችኩል ሆኖ በዚህ መሃል መልሱን ካሳያት 56ን አየችው እንጂ አላገኘችውም። መላሿ መልሱን ጮክ ብላ ትናገር ወይም ደብተሯ ላይ ትጻፍ። «አውቄው ነበር» ማለት አይቆጠርም። ከተሳሳተች ትክክለኛውን ታንብብ፤ ካርዱም ከሦስት አራት ካርዶች በኋላ ተመልሶ ይምጣላት። አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ይሰለቻል።

ሦስተኛው ልጅ የሚለያቸውን ካርዶች በላስቲክ በሦስት እስር ያስሩ። የተሳቱት በየቀኑ፣ አንድ ጊዜ የተመለሱት በሦስት ቀን፣ ደጋግመው የተመለሱት በሳምንት አንዴ ይጠየቃሉ። የተመለሰ ካርድ ወደሚቀጥለው እስር ያልፋል፤ የተሳተ ካርድ፣ ሳምንታዊው ውስጥ የነበረ ቢሆንም፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለ አጠናን ዘዴ የጻፈው ሴባስቲያን ላይትነር በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው። ሊረሳ ሲል የታወሰ ነገር ይበልጥ ስለሚጸና፣ ቀኑን ማራራቁን እንደ ዕረፍት አይዩት።

ካርድ ቃልን፣ ዓመተ ምሕረትን፣ የማባዛት ሠንጠረዥንና ትርጓሜን ያስይዛል። ብርሃን አስተፃምሮ እንዴት እንደሚካሄድ ማስረዳት ግን የመምህሩ ድርሻ ነው፤ ያልገባውን ልጅ በካርድ ማስሸምደድ ተገቢ አይደለም።

ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ካርዶቹን ዴስክ ላይ አይተዉ፤ ለየዴስኩ አንድ ኃላፊ ይመድቡና በፖስታ ይሰብስቡ። ማርክ አይስጡበት፤ ማርክ ከገባበት ልጆቹ የማያውቁትን መደበቅ ይጀምራሉ። ዓርብ ዓርብ የመጀመሪያውን እስር ከየዴስኩ ሰብስበው ይዩት። አንድ ጥያቄ በብዙ ዴስክ ከተሳተ ሰኞ ያንን እንደ አዲስ ያስተምሩት።