በሮም የመጀመሪያዋን ሩጫ የሌለባት ቅዳሜ ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥተው ወደ ጣሊያን የሚሄዱ ቤተሰቦች ከጉዞው በፊት ስለ ሰነድ ብዙ ይነገራቸዋል፤ ስለ ውሎ ግን የሚነግራቸው ሰው እምብዛም የለም። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሮም ውስጥ ጥቂት ዓመታት ኖሬ ወደ ደሴ የተመለስሁ ስሆን፣ ለመንገድ የሚዘጋጁ ጎረቤቶቼ ደጋግመው ለሚጠይቁኝ መልስ እንዲሆን፣ የቢሮ ጉዳይ የሌለባትን አንዲት ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ማሳለፍ እንደሚሻል እጽፋለሁ።

ሰነዱ አይናቅም። ወደ አገሩ የገባ ሰው በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት፤ ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው 16 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የግብር መለያም በየደረሱበት ስለሚጠየቅ ቶሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሥራ ቀን ጉዳይ ነው። ለጉብኝት መጣደፍም አይገባም፤ የመንግሥት ሙዚየሞች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነፃ ስለሚከፈቱ ኮሎሲየም የትም አይሄድም።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች ማልደው መንቃታቸው አይቀርም፤ ጣሊያን ከእኛ በብርዱ ወራት 2 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እነርሱን በግድ ከማስተኛት ይልቅ ለባብሶ ወደ ሰፈሩ ባር መውጣት ይሻላል። ባር ሲባል የመጠጥ ቤት ብቻ የሚመስላቸው እናቶች ስላሉ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል፦ እዚያ ባር ማለት ጠዋት አያት ከልጅ ልጇ ጋር ገብታ ቡናና ዳቦ የምትቀምስበት ቤት ነው። በባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ርካሽ ሲሆን፣ ተቀምጦ መስተናገድ ብዙ ጊዜ ዋጋ ይጨምራል፤ በአንዳንዱ ቤት ደግሞ መጀመሪያ ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ማዘዝ ግድ ነው። ፒያሳ ላይ የለመዳችሁትን ማኪያቶ ስታዝዙ በትንሽ ስኒ ጠብታ ወተት የነካው ጥቁር ቡና ቢቀርብላችሁ አትደንግጡ፤ ለእኛው የሚቀርበው «ላቴ ማኪያቶ» የሚባለው ነው።

ከዚያ ወደ አስቤዛ ይኬዳል። ቃሉ ራሱ የእነርሱ መሆኑን ልጆቼ ያወቁት እዚያ ነው፤ ፌርማታ፣ ባንኮኒ፣ ፒያሳ እያሉ በእግረ መንገድ ሲለቅሙ፣ ቋንቋውን ጨርሶ የማያውቁት እንዳልሆነ ተሰማቸውና ፍርሃታቸው ረገበ። እኔም ይህን ጨዋታ ከየትኛውም የቋንቋ መጽሐፍ አስቀድሜ እመክራለሁ። ለገበያ የሚመቸው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረሰው የኤስኲሊኖ ገበያ ሲሆን፣ የእስያም የአፍሪካም ቅመም፣ ሐላል ሥጋ ጭምር ይገኝበታል፤ እሑድ ስለሚዘጋ ግን ቅዳሜን ማሳለፍ አይገባም። አንድ ጥንቃቄ አለ። በደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ቲማቲሙን አገላብጦ፣ ጨምቆ፣ ተከራክሮ የለመደ እጅ እዚያ መታቀብ ይኖርበታል፤ አትክልቱን መርጦ የሚያነሣው ሻጩ ነው። በሱፐርማርኬት ደግሞ በላስቲክ ጓንት ታነሣላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ራሳችሁ መዝናችሁ የዋጋውን ወረቀት ትለጥፋላችሁ። ዳቦና ብስኩት ስትገዙ «ስትሩቶ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን እዩ፤ የአሳማ ስብ ማለት ነው።

ትንንሽ ሱቆች ከምሳ ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ገደማ ስለሚዘጉ፣ ከተማው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እናንተም ግቡ። በተለይ በሐምሌ ይህ ምክር ግዴታ ይሆናል፤ የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ የለመደ ሰው ኮምቦልቻን ሞቃት ይል የነበረው ስሕተቱ መሆኑን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ምሳውን ስታዘጋጁ መብራቱን አትርሱ። የአብዛኛው መኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ውል 3 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ፣ ምድጃና የልብስ ማጠቢያ አብረው ሲሠሩ ቆጣሪው ራሱን ይቆርጣል፤ ከአገር ተሸክመን የሄድነው የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብቻውን ቤቱን አጨለመው። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ እንጀራውን በማይዝ ሰፊ መጥበሻ በጋዝ ላይ መጋገር ጀመረች፤ ዐይኑ ያው ነው፣ ስፋቱ ብቻ ልጅ ያስመስለዋል።

ከምሳ በኋላ ቡና ማፍላት አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም። ሆኖም በጋራ ሕንፃ ውስጥ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ የጸጥታ ሰዓት ስለሆነ ሙቀጫ አይወቀጥም፣ ልጅም በወለሉ ላይ አይሮጥም፤ ስለዚህ ቡናውን ጠዋት ፈጭቶ ማስቀመጥ ነው። ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፣ ዕጣኑንም መጥኑት፤ ጭሱን ያየ ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። እኛ ላይ ይህ ደርሶ፣ የላይኛው ፎቅ ሴትዮ በሩን ሲያንኳኩ ባለቤቴ ቃል ቢቸግራት እጃቸውን ይዛ አስገብታ አስቀመጠቻቸው። አቦልና ቶናን ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ በረካውን ሳይቀምሱ አልለቀቀቻቸውም፤ በሰፈሩ የመጀመሪያዋ ወዳጃችን እርሳቸው ነበሩ። በደረጃና በአሳንሰር ለተገናኛችሁት ሁሉ ጠዋት «ቦንጆርኖ»፣ ከሰዓት በኋላ «ቦናሴራ» በሉ። ሰላምታ የነፈገ እንግዳ ወሎ ውስጥ እንደሚታዘቡት ሁሉ እነርሱም ይታዘባሉ።

ወደ አመሻሹ ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ሁሉ ለብሶ ለሽርሽር ይወጣል፤ እናንተም ውጡ። የአውቶቡስና የሜትሮ ቲኬት «ቲ» የሚል ፊደል ከተሰቀለባቸው የትምባሆ ሱቆች ይገዛል። ቲኬቱ ካገለገለበት ቅጽበት ጀምሮ 100 ደቂቃ ይሠራል፤ አውቶቡስ ውስጥ በማሽኑ ሳያስመቱ መቀመጥ ቲኬቱ በኪስ ቢኖርም ያስቀጣል። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይሄዳሉ።

ለእኛ ልጆች የምመርጠው መንገድ ከተርሚኒ ይጀምራል። በጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚል ስም የተሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለሞቱት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ በየቀኑ የሚያልፍበት ሕዝብ አብዛኛው ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ በሜትሮ ቢ መስመር ሦስት ፌርማታ ሄዶ ቺርኮ ማሲሞ ላይ መውረድ ነው። ከፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው ሥፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እስከ 2003 ድረስ የቆመበት ነው። አሁን እዚያ ሐውልቱ የለም፤ ልጆቼ ባዶውን ቦታ ለምን እንዳሳየኋቸው ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ አልቆጨኝም።

ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ ያሉት አፍንጫ መሰል ቧንቧዎች ያለማቋረጥ የሚያፈስሱት ውኃ የሚጠጣ ነው፤ አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ስለሚፈናጠር ልጆች ከዚያ የሚነቀሉት በጉተታ ነው። እራትም ቀላል ነው፦ ፒዛ በመቀስ ተቆርጦ በሚዛን ይሸጣል፣ መጠኑንም በእጅ ማሳየት ይበቃል። የሚጾም ሰው አይብ የሌለበትን «ማሪናራ» ይጠይቅ።

ወደ ደሴ የምትደውሉ ከሆነ ግን ለሽርሽር ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ። እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን በብርዱ ወራት ደሴ እኩለ ሌሊት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ደግሞ እናትን መርዶ እየመሰላት ያስደነግጣል።