ፋን የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር አመራረጥ፦ መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ ፖርቶቹ

ፋን (የሚሽከረከር ማራገቢያ) የሌለው ኮምፒውተር የሚቀዘቅዘው በቀፎው ነው። የፕሮሰሰሩ ሙቀት በተርማል ፔስት (ሙቀት በሚያስተላልፍ ቅባት) በኩል ወደ አሉሚኒየሙ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ አየሩ ይወጣል። ስለዚህ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ፣ በእጅ ሲያነሱት ክብደት ያለው ቀፎ ይምረጡ። በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነው ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲከፈት የፈጠነው ማሽን ትንሽ ቆይቶ ቪዲዮ ማቆራረጥ ይጀምራል።

ፕሮሰሰሩን በዋቱ ይመዝኑት። 6 ዋት ተብሎ የተመደበው የኢንቴል ኤን100 ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም በቂ ነው። 28 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር መዳፍ በሚያክል ሳጥን ውስጥ ያለ ፋን ከቀረበልዎ ግን ይለፉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፖርት (የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ) ላይ ነው፤ ቅርጹ አንድ ሆኖ ሥራው ይለያያልና። የስክሪን መሰኪያው ኤችዲኤምአይ በ1.4 ስሪቱ ለ4ኬ (በጣም ጥርት ላለ) ስክሪን በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ስለሚሰጥ የማውሱ ቀስት እየዘለለ ይሄዳል፤ 2.0 ግን 60 ይሰጣል። «ታይፕ ሲ» የሚባለው ትንሹ ሞላላ የዩኤስቢ ቀዳዳም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ዳታ ብቻ ያስተላልፋል፣ ሌላው ስክሪንም ያበራል። ከቀዳዳው ጎን ምልክት ባይኖርም የቦርዱ ዝርዝር ላይ «ዲስፕሌይፖርት» (ሌላው የስክሪን ማገናኛ ዓይነት) የሚል መኖሩን ያረጋግጡ። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ኬብል ይበቃል። በተቃራኒው፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት ስክሪን ለመሄድ ግን ኃይል የሚወስድ መቀየሪያ የግድ ነው፤ ተራው ኬብል ስክሪኑን ጥቁር አድርጎ ያስቀረዋል።

ዩኤስቢ 3 ብቻ ያለውን አይውሰዱ፤ ቢያንስ አንድ ዩኤስቢ 2.0 ይኑረው። ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ስለሚፈጥር፣ የገመድ አልባ ማውስ ሪሲቨር (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካው ትንሽ መቀበያ) አጠገቡ ሲሰካ ማውሱ ሊንቀረፈፍ ይችላል። መፍትሔው ሪሲቨሩን በአጭር ማስረዘሚያ ኬብል ማራቅ ነው። የቆየ ሚዛን ወይም የደረሰኝ ፕሪንተር ካለ ባለ 9 ፒን ሲሪያል ፖርት ይፈልጉ። ለኔትወርክ አንድ ፖርት ይበቃል፤ ራውተር ሊያደርጉት ካሰቡ ሁለት።

የአዳፕተሩን ቮልት ሳያነቡ አይሰኩ። 12 ቮልት የሚፈልገውና 19 ቮልት የሚፈልገው ማሽን አንድ ዓይነት ክብ መሰኪያ ሊኖራቸው ይችላል፤ ባለ 12 ቮልቱ ማሽን ላይ 19 ቮልት መሰካት ማዘርቦርዱን (ዋናውን ሰሌዳ) ሊያቃጥል ይችላል። አዳፕተሩ ላይ የማሽኑን ስም ጽፈው ይለጥፉ።

እንደገዙት ለ1 ሰዓት ከባድ ሥራ እየሰጡት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ይከታተሉ፤ ቀፎውንም በእጅዎ ይዳስሱ። ቀፎው ቢሞቅ ሥራውን እየሠራ ነው። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ እያሳየ ቀፎው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ፔስቱ በትክክል አልነካም፤ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይመልሱት።