የስልክን የይለፍ ቁጥርና የጣት አሻራ አብሮ እንዴት ማጠናከር ይቻላል

ብዙ ሰው ስልኩን በጣት አሻራ መክፈት ከለመደ በኋላ የይለፍ ቁጥሩን ይረሳዋል። ይሁን እንጂ አሻራው አልነበብ ሲል ስልኩ የሚጠይቀው ያንኑ ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥሩ ደካማ ከሆነ አሻራው ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከቁጥሩ ነው።

በመጀመሪያ ባለ 4 አሃዙን ቁጥር ቢያንስ ወደ 6 አሃዝ ይቀይሩት፤ አማራጮቹ ከ10,000 ወደ 1,000,000 ያድጋሉ። የትውልድ ዓመትዎን ግን አያድርጉት፤ ዕድሜዎን ለሚያውቅ ሰው የሚቀረው በኢትዮጵያና በፈረንጆች አቆጣጠር መሞከር ብቻ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ ድርጅት 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃሎች ሲሰረቁ ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የተገኘው 123456 ነበር። ለኢሜይልና ለባንክ ደግሞ ለየብቻ የተለያየ የይለፍ ቃል ይኑርዎት፤ ከአንዱ ቦታ የወጣ ቃል በሌሎቹም ላይ መሞከሩ አይቀርም።

ቀጥሎ ወደ አሻራው ይለፉ። እ.ኤ.አ. በ2013 አይፎን 5ኤስ ለገበያ በቀረበ በቀናት ውስጥ፣ ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው የጀርመን ቡድን መስታወት ላይ የቀረ አሻራ ፎቶ አንስቶ በሠራው ሐሰተኛ ጣት ስልኩን ከፍቷል። ከዚህ የባሰው ግን አሻራ አንዴ ከተሰረቀ በሌላ አለመተካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ መሰረቁ ሲታወቅ፣ ባለቤቶቹ የይለፍ ቃል ቢሆን ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለውጡትን ነገር መለወጥ አልቻሉም። በዚህ ምክንያት አሻራን ለፍጥነት መጠቀሙ መልካም ቢሆንም፣ የባንክ መተግበሪያዎ ከስልኩ የተለየ የራሱ ምስጢር ቁጥር ቢኖረው ይሻላል። ተኝተው ሳሉ ጣትዎን ስልኩ ላይ ማሳረፍ ለማንም ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ግን ማንም ከጭንቅላትዎ አያወጣውም። አሻራዎን ማንም እንዳይጠቀምበት በሚሰጉበት ጊዜ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት፤ እንደገና ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው።

ጥገና ቤት ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ስልክ ሲሰጥ ቁጥሩ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከጀርባው የሚለጠፍበት ጊዜ አለ፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ የራሱን አሻራ መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ ስልኩን እንደተቀበሉ ቅንብሩን ከፍተው የተመዘገቡትን አሻራዎች ይቁጠሩ፤ የእርስዎ ያልሆነውን ያጥፉና ቁጥሩን እዚያው ይቀይሩት።